የጪጩዋ ደህና ናት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አዲስ ፕሪንተር ገዝታ መጣች። ገመድ የለውም። «ጠረጴዛ ሥር መንፏቀቅ ቀረልሽ» እያለች አሾፈችብኝና ላፕቶፗን ከፈተች፤ ፕሪንተሩን አበራች፤ ሁለቱ ሳይነካኩ ተገናኙ። ከዚያ ላፕቶፑ አንድ ጥያቄ አመጣ፤ እዚህ የሚታየው ቁጥርና ፕሪንተሩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው ወይ ይላል። ልጄ ፕሪንተሩን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ጣቷን «አዎ» ወደሚለው ስትልክ እጇን አፈፍ አድርጌ ያዝኩት።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ፕሪንተር እኮ ነው» አለችኝ።

«ይሁን። መጀመሪያ ሄደሽ እይው» አልኳት።

ሄዳ አየች፤ አንድ ነው አለችኝ። የእኔ ልብ ግን ቶሎ አልተመለሰም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የእኔን እባብ ልጄ አታውቀውም። ነግሬያት አላውቅም፤ ለመንገር ስነሳ ሁልጊዜ ሌላ ወሬ አነሳለሁ። መጻፍ ሳይሻል አይቀርም።

ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ሰሞን ነው። ዲላ ውስጥ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ኮምፒውተር የሚጠግኑና ኔትወርክ የሚዘረጉ ጋሽ ተሾመ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ዘንድ ተቀጠርኩ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሱቁ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ጋሽ ተሾመም አብረው ይነጫነጫሉ። ከሁሉ የሚጠሉት የይለፍ ቃልን ነው። ደንበኞቻቸው የይለፍ ቃላቸውን እየረሱ ስለሚመጡባቸው ተማርረዋል። «ጥሩ ማሽን ማለት እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል» ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኳቸው። ያደግሁት ጎረቤት ሳያንኳኳ በሚገባበት አገር ነው፤ ክፋቱ አልታየኝም።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አንድ የግል ክሊኒክ ሥራ ሰጠን። የክሊኒኩ ባለቤት የሆኑት ዶክተር ውጭ አገር ካሉ ዘመዶቻቸው የልብ ምትና የደም ግፊት የሚከታተሉ ማሽኖች አስመጥተዋል። ማሽኖቹ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በየአልጋው ራስጌ ግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ አንድ ኮምፒውተር አስቀመጥን፤ ነርሷ እዚያው ተቀምጣ የሁሉንም ሴቶች ልብ በአንድ ስክሪን እንድታይ ነው። ኮምፒውተሩ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ማሽኖቹን ለቃቅሞ አመጣቸው። ጋሽ ተሾመ በደስታ እጃቸውን አፋተጉ።

የቸገረን ስም ነበር። ማሽኖቹ ሁሉ ከፋብሪካ የወጡት በአንድ ስም ስለሆነ ማን የቱ እንደሆነ አይለይም። የአልጋ ቁጥር ልንጽፍባቸው ስንል የክፍሉ ነርስ ሲስተር አልማዝ ሳቀችብን።

«ቁጥር እዚህ ማን ያውቃል? እኛ የይርጋጨፌዋ፣ የወናጎዋ ነው የምንለው» አለች።

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚታወቀው በመጣበት ነው። አንዲት ሴት አምጣ ወልዳ ቁጥር ብትባል ቤተሰቧ ይቀየማል። ስለዚህ አዲስ ሴት በገባች ቁጥር ሲስተር አልማዝ በራስጌዋ ላለው ማሽን የሴትየዋን አገር ስም ትሰጠው ጀመር። ስክሪኑ ላይ ሣጥን ሣጥን ሆኖ፣ ከእያንዳንዱ ልብ በላይ የአገር ስም ይነበባል። ሁላችንም ወደድነው። ስሙ የተጻፈው ግን ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ማሽን እንጂ ለሴትየዋ አልነበረም።

ኅዳር ላይ እህቴ ማርታ እዚያ ክሊኒክ ገባች። ማርታ ታላቄ ናት፤ ጪጩ አግብታ ነው የምትኖረው። እናታችን በወሊድ ስለሞተችብን ያሳደገችኝም እሷ ናት። ስለዚህ እርጉዝ ሴት ባየሁ ቁጥር እፈራለሁ፤ እሷ ራሷ ስታረግዝማ እንቅልፍ አጣሁ። «አንቺ ጥላሽን ትፈሪያለሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። በመጨረሻው ወር ደም ግፊቷ ስለጨመረ ዶክተሩ ከወለደችም በኋላ በማሽን ትጠበቅ አሉ። ባሏ የቡና ወቅት ስለሆነ ሬኮ የሚባል የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥራ ላይ ነበር። ከአማቷ ከእማማ ወርቅነሽ ጋር ሆኜ የማስታምማት እኔ ነበርኩ።

ንጋት ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ቀለም የተቀባ ይመስል ጥቁር ፀጉር ያላት ልጅ። ማርታ የመስኮቱ አልጋ ላይ ተኝታ እያወራች፣ እያሾፈችብኝ ስለነበር ልቤን ጥዬ ለአራስ የሚሆን የቡላ አጥሚት ላመጣ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ፔርሙዙን አቅፌ መንገዱን አየው ነበር። አናናስ ዳር ዳሩን ተቆልሏል፤ ከማጠቢያዎቹ በኩል ኮምጠጥ ያለ የቡና ገለባ ሽታ ይመጣል፤ ፀሐዩ ለስላሳ ነው። «ይኸው፣ አለፈ» አልኩ ለራሴ። የፈሩት ይደርሳል የሚለውን ተረት በዚያች ሰዓት ረስቼው ነበር።

እኔ በሌለሁበት ክፍሉ ውስጥ ለውጥ ተደርጓል። ማርታ በተኛችበት የመስኮት አልጋ ላይ ከአንድ ቀን በፊት አንዲት እናት ልጇን አጥታ ኖሯል። ይህን እማማ ወርቅነሽ ከጽዳት ሠራተኛዋ ሰሙ። እማማ አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ነው የሚሉት።

«ልጄ እዚህ አይተኛም። እዚህ ሕፃን ሞቷል። እሱ ከዚህ ይነሳ» አሉ።

ማንም አልተከራከራቸውም፤ እኔም ብኖር አልከራከራቸውም ነበር። በግድግዳው ጥግ የተኛችው ከወናጎ የመጣች አስተማሪ «እኔ መስኮት እወዳለሁ» ብላ በደግነት አልጋዋን ለቀቀች። ሲስተር አልማዝ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ሴት እያዋለደች ነበር። አንዲት ተለማማጅ ነርስ ሁለቱን አዛውራ፣ እያንዳንዷን በአዲሱ አልጋዋ ራስጌ ካለው ማሽን ጋር አገናኘችና ተረኝነቷ አልቆ ወጣች። ማሽኖቹ ግን ከነስማቸው ግድግዳቸው ላይ ቀሩ። ኮሪደሩ ላይ «የጪጩዋ» የሚለው ልብ አሁን የአስተማሪዋ ልብ ነው። «የወናጎዋ» የሚለው የእህቴ ነው። ይህን የሚያውቅ ግን ማንም አልነበረም።

ስደርስ ሲስተር አልማዝ ኮምፒውተሩ ፊት ገና መቀመጧ ነው። እንዴት ናት ብዬ ጠየቅኋት።

በከንፈሯ ወደ ስክሪኑ አመለከተችኝ። «ራስሽ እያት። የጪጩዋ ደህና ናት። ከአንቺም ከእኔም ልብ የእሷ ይሻላል።»

አየሁ። አረንጓዴው መስመር ረጋ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ተኝታ ከሆነ ለምን እቀሰቅሳታለሁ ብዬ ፔርሙዙን እግሬ ሥር አድርጌ እዚያው ተቀመጥኩ። የእህቴን ልብ ከሩቅ ሆኜ ማየት መቻሌ አኮራኝ። እጇን ከመያዝ የሚበልጥ ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ «የወናጎዋ» የሚለው ሣጥን ቀላ። ሲስተር አልማዝ ብድግ ብላ ገባች። ስትመለስ ትስቅ ነበር።

«ከበር ሆኜ አየኋት፤ ሴትየዋ ቁጭ ብላ ገንፎዋን ትበላለች። ማሽናችሁ ቀብጧል» አለችኝ።

እኔም ፈራሁ፤ የፈራሁት ግን ጋሽ ተሾመን ነው፣ ማሽኑ ተበላሸ ብላቸው ምን ይሉኛል ብዬ። ሣጥኑ እንደቀላ ነው። የልብ ምቱ ይሮጣል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ሲስተር አልማዝ ሰልችቷት «ሂጂና ጠግኚው እንጂ» አለችኝ። ተነሳሁ።

ክፍሉ ጸጥ ብሏል። የማሽኖቹ ጩኸት ሕፃናቱን ያስደነግጣል ተብሎ ድምፃቸውን ካጠፋነው ቆይቷል። ልጠግነው ወደመጣሁት ማሽን፣ ወደ ጥግ አልጋው ሄድኩ። እማማ ወርቅነሽ ሕፃኗን ታቅፈው አጠገቡ ተቀምጠዋል። እማማ እዚህ ምን ይሠራሉ አልኩ በልቤ። ወደ መስኮቱ ዞር ስል አስተማሪዋ ማንኪያዋን ይዛ ፈገግ አለችልኝ። ከራስጌዋ ያለው ማሽን አረንጓዴ ነው፤ ረጋ ብሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ደስ እያለኝ ሳየው የቆየሁት ልብ የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«እማማ፣ ማርታ የት ናት?» አልኳቸው፤ እያየኋት ነው የምጠይቃቸው።

«ይኸው ነው። ተዪው፣ ይተኛ። ደክሞታል» አሉኝ ሹክ ብለው።

እናታችን በሞተች ቀን ከደጅ የመለሱኝ ጎረቤቶችም ያሉኝ ይህንኑ ነበር፤ ተኝታለች፣ አትቀስቅሺያት። ማርታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተከናንባለች። እጇን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል፣ ላብ አቸፍችፎታል። ስጠራት ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ደም ነው። ሁላችንም ቁጭ ብለን ሳለን፣ አማቷ አጠገቧ፣ እኔ ደጅ፣ ፍራሹ ዝም ብሎ ሲጠጣው ቆይቷል።

መጮኼን አላስታውስም፤ መንገድ ድረስ ተሰማ አሉኝ። ዶክተሩ እየሮጡ መጡ፤ እኛን ወደ ኮሪደሩ አስወጡን። እማማ ወርቅነሽ መሬት ላይ ተንበርክከው በጌዴኦኛ ይጸልዩ ጀመር። አስተማሪዋም ወጥታ ሕፃኗን ተቀበለቻቸው። እኔ የቆምኩት ኮምፒውተሩ ፊት ነው። «የወናጎዋ» የሚለው ቀይ ሣጥን አሁን እህቴ መሆኑን አውቄዋለሁ። ላየው አልችልም፤ ዓይኔንም ልነቅል አልችልም። ቁጥሩ ሲወርድ እኔም አብሬ የምወርድ ይመስለኛል። እግዚአብሔርን የለመንኩት እንደ ሰው አልነበረም፤ «እባክህ፣ እባክህ» ብቻ ነው።

ከዚያ መስመሩ ቀጥ አለ።

ብዙ ፈርቻለሁ በሕይወቴ፤ እንደዚያ ግን አልፈራሁም። እጄን አንስቼ ስክሪኑን ነካሁት፣ መስታወቱን፣ ሞቅ ይል ነበር። ሕፃኗ አለቀሰች። ይቺንም እንግዲህ እኔ ነኝ የማሳድጋት የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ያስፈራኝም ይኸው ሐሳብ እንዲህ ቶሎ መምጣቱ ነበር።

ዶክተሩ ሲወጡ እጅጌያቸው እስከ ክርናቸው ርሷል። «ደሙ ቆሟል። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ቀርቶ ነው» አሉ። እኔ ወደ ስክሪኑ አመለከትኩ። አዩና ገባቸው። «በውስጥ በር ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ስንወስዳት ማሽኑን ነቅለነው ነው። በሕይወት አለች» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ትንሽ ብትዘገዪ ኖሮ» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

በማግስቱ ጋሽ ተሾመ መጡ። ከዚያ ከሲስተር አልማዝ ጋር ሆነው ሌላ ሥርዓት አወጡ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሴት በአንድ ሰው እጅ ብቻ ከማሽን ጋር አትገናኝም። አንዷ ነርስ ኮምፒውተሩ ጋ ትቆማለች፤ ሌላዋ አልጋው ጋ ሆና ሴትየዋን ከነአባቷ ስም ትጠራለች፤ ሴትየዋ ራሷ ካልመለሰች አይቀጥልም። ከዚያ ጣቷ ላይ ያለው መቆንጠጫ ይነሳል፤ ኮሪደሩ ላይ በስሟ ያለው መስመር ከጠፋ የእሷ ነው። አልጋ በተለወጠ ቁጥር ይህ ከሥሩ ይደገማል። አሰልቺ ነበር። የተነጫነጨ ግን የለም፣ ጋሽ ተሾመም ጭምር። ሲስተር አልማዝ አራሷን ልትጠይቅ ጪጩ ድረስ ቅቤ ይዛ መጣች፤ ስትወጣ ደጅ ላይ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

ያቺ ሕፃን ዛሬ ከእኔ ትረዝማለች። እኔም ማሽን አልፈራም፤ እንጀራዬ ነው። ማሽን ከማን ጋር እንደተገናኘ አያውቅም፤ ያገኘውን ልብ ነው የሚናገረው። የምፈራው ሰው ከሩቅ ሆኖ ደህና ነው ሲለኝ ነው።

ባለፈው ገና ጪጩ ሄጄ ከማርታ ጋር ቆጮና ጎመን በላን። ከምሳ በኋላ እንደ ልማዷ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። የልጇን መወለድ አንስተን ስንጫወት፣ ዓይኗን ጨፍና እንዲህ አለችኝ፦

«ታውቂያለሽ፣ እንደዚያን ቀን ጣፋጭ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። የሚያመኝ ነገር አልነበረም። አንቺ ነሽ ጮኸሽ የቀሰቀስሽኝ።»

እየሳቀች ነው ያለችው። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ሞት ሲመጣ የሚያስጮህ ይመስለኝ ነበርና። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ብርድ ልብስ ላለብሳት አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። የመጨረሻው ባጃጅ ሊያመልጠኝ እንደሆነ እያወቅሁ፣ እስክትነቃ ድረስ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።