የእሁድ ከሰዓት በሽተኛ

ፊልሙ የተጀመረው ከመጨረሻው ነበር። በታሪኩ መዝጊያ ላይ የዳነው አባት ከአልጋው ተነስቶ፣ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዞ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ይቆማል። ዛፉ ሐምራዊ አበባውን ይዞ የሚቆየው ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ አበባ ደግሞ የሰው ቀጠሮ አያከብርም። ስለዚህ አባትዬው መጀመሪያ ዳነ፤ ሕመሙ ቀስ ብሎ ደረሰ።

አባቱን ሆኖ የሚጫወተው የሰፈሩ አናጺ ነው። ፀጉር ሠሪዋ እህቱ ወንድም ጋሼ ትለዋለች። እናታቸው ስትሞት እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እሱ ሃያ ሞልቶት ነበር። በር እየገጠመ፣ መስኮት እየላገ አሳደጋት። “አንቺን ድሬ ላግባ” እንዳለ እሷ አገባች፣ ወለደች፤ እሱ ከመጋዙ ጋር ቀረ። ቤተ ክርስቲያናቸው ፊልም ልሥራ ሲል ፊት የመቀባቱ ሥራ ለእሷ ተሰጠ። ከዚያ በፊት የቀባችው ሙሽራ ብቻ ነው። ማሳመር እንጂ ማሳመም አታውቅም ነበር።

ዳይሬክተሩ በሥራው የሠርግና የመታወቂያ ፎቶ አንሺ ነው፤ እሁድ ጠዋት ደግሞ መዘምራኑን ይመራል። ያለው አንድ ካሜራ፣ ሁለት መብራት፣ ካሜራው የሚንሸራተትበት አናጺው የሠራው ጋሪ ነው። ሁሉም እንጀራውን የሚፈልግ ሰው ስለሆነ ቀረጻው ከአምልኮ በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት ብቻ፣ በአናጺው መኝታ ቤት ይካሄዳል። መስኮቱ ላይ ነጭ አንሶላ ይሰቀላል። ፀሐዩ በአንሶላው ሲያልፍ ወተት ይመስላል፤ በዚያ ወተት ውስጥ ሰዎቹ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ፣ እየተንሾካሾኩ፣ የአንድ ሰው ሕልም ውስጥ የገቡ እንግዶች ይመስላሉ።

“ትንሽ ክሳ እንጂ” አለው ፎቶ አንሺው በሁለተኛው እሁድ። “በዚህ ጉንጭ ማን በሽተኛ ይልሃል?”

“ለጌታ ሥራ ከሆነ ሆዴንም እሰጣለሁ።”

ቃሉን ጠበቀ። ወር በወር ከሳ። አንገቱ ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ እንደ ደወል ምላስ ተንጠለጠለ። ምዕመናኑ በር ላይ ሲያገኙት እጁን ይዘው “መሰጠት ማለት ይህ ነው” ይሉታል። እሱም አንገቱን ሰብሮ ይስቃል።

የፊልሙ አባት ጉበቱን ነው የሚታመመው። እህቱ እርድ ከፊት ቅባት ጋር ለውሳ ቢጫውን ታወጣለች። መጀመሪያ ላይ ደጋግማ ትቀባው ነበር፤ ጉንጩ ቀለም ይጠጣል። በአምስተኛው ወር አንድ ጊዜ ማሻሸት በቃት። በሰባተኛው ጣቷን ነካ ብታደርገው ፊቱ እሺ ይላል። “እጄ ተፈታ” አለች ለራሷ። ሙያ ሲገባ ቀለም ይቀንሳል፤ እንዲህ ነበር ያሰበችው። ሰዎቹም ካሜራው ላይ ምስሉን ከምታሳየው ትንሽ መስታወት እያዩ “እጅሽ ይባረክ፣ የእውነት በሽተኛ አስመሰልሽው” ይሏታል።

ፊልሙ ሊጠናቀቅ ሁለት እሁድ ሲቀር፣ የዕለቱ ቀረጻ አልቆ ሰው ሁሉ ወደ ግቢ ሲወጣ፣ እንደ ወትሮው ጥጥ አርጥባ ፊቱን ልትጠርግለት አጠገቡ ተቀመጠች። ጠረገችው። ጥጡ ትንሽ ቢጫ ያዘ። ሌላ ጥጥ አነሳች፤ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። ሦስተኛውም ነጭ ነው። የወንድሟ ፊት ግን ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። ተነስታ አንሶላውን ከመስኮቱ ላይ ሳበችው። ፀሐይ አልጋው ላይ ወደቀ። የዓይኑ ነጭ የእንቁላል አስኳል መስሏል። ዓይን ውስጥ ቀለም አልቀባችም።

“ወንድም ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ምኑ?”

“አታሞኘኝ።”

“እኔ እንጃ። ሦስት ወር ይሆነዋል። መጀመሪያ ምግብ የቀነስኩ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ እኔ እሺ ስል ምግቡ እምቢ አለ።”

“እና ዝም አልክ?”

“ሁለት እሁድ ነው የቀረን፤ ከዚያ እሄዳለሁ። ደግሞ ምን ያስፈራሻል? የመጀመሪያው እሁድ ድኜ የለ? ተቀርጿል እኮ።”

ሳቀ። አልሳቀችለትም።

“እማዬም እንዲህ ነው የጀመራት” አለ ወደ ግድግዳው እያየ። “አንቺ አታስታውሺም። ሆስፒታል ወሰድኳት፣ ብቻዬን ተመለስኩ። እዚህ አልጋ ላይ ግን ፎቶ አንሺው ‘በቃ’ ሲል እነሳለሁ። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ተነሳሁ።”

ወደ ግቢ ወጣች። ፎቶ አንሺው የመብራቱን ገመድ በክንዱ ላይ ይጠቀልላል።

“ሁለተኛ አይቀረጽም” አለችው። “በሽተኛህ ታሟል።”

“ታዲያ ሥራው መታመም አይደል?” አለና ቀና ሲል ፊቷን አየ። ገመዱ ከክንዱ ተፈታ። “እኔ ነኝ ክሳ ያልኩት።”

“አንተ ክሳ አልከው፣ እኔ ቢጫ ቀባሁት፣ እነሱ አጨበጨቡ። አሁን ለቅሶህን አቆየውና መኪናህን አስነሳ።”

አናጺው እምቢ አላለም። እህቱ ጫማውን ስታስርለት እግሩን እንደ ሕፃን ዘረጋላት።

የሐሞቱ ቱቦ ተዘግቶ ነበር፤ የዘጋው እባጭ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት ተባለ። ሐሙስ ከጠዋት ገባ። እህቱና ፎቶ አንሺው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። መድረክ ላይ ጸሎቱ ማለቂያ የሌለው ፎቶ አንሺ ያን ቀን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የወለሉን ሸክላ ሲያይ ዋለ። እሷ እሱን ትታ በሩን አየች።

ሐኪሙ ከሰዓት ወጣ። “ወጥቷል። ትንሽ ነበር። ምንነቱን ምርመራው ይነግረናል። አንድ ወር ብትቆዩ ኖሮ ግን ቢላዬን ባላነሳሁ።”

ሲያስገቧት ወንድሟ ዓይኑን በግማሽ ከፍቶ ጣሪያውን ያያል። እጁን ያዘችው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

“ራበኝ።”

“ሐኪሙ ሳይፈቅድ ውሃም የለም” አለች ነርሷ ከጀርባ።

“ሲፈቀድልህ እንቁላል እጠብስልሃለሁ” አለችው እህቱ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ።

“ስንት?”

“ሁለት።”

“አራት።”

“የተሰፋ ሆድ ይዘህ አራት? ሁለት ይበቃሃል።”

“ሦስት አድርጊው” አለ፤ መልሷን ሳይሰማም እንቅልፍ ወሰደው።