ጭሱን ያመኑት ገበሬ

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ደባርቅ ውስጥ ነው። ዛሬም የእሳት ደወል በሰማሁ ቁጥር እኒያ ስማቸውን እንኳ ያልጠየቅኳቸው ገበሬ ትዝ ይሉኛል።

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። ያን ቀን ሊመረቅ የተቃረበ የአንድ ሆቴል የእሳት መከላከያ በሙሉ የሚሞከርበት ነበር፤ አስተባባሪዋ ደግሞ እኔ። ደወሉም፣ ጄኔሬተሩም፣ የውሃ ፓምፑም፣ በራሳቸው የሚከፈቱት በሮችም ለየብቻ ተሞክረው ሠርተዋል። የቀረው መብራት አጥፍቶ ሁሉንም ባንድ ላይ ማስነሳት ነው። ማን የት ቆሞ ምን እንደሚያይ ጽፌ አደልኩ። ጄኔሬተሩ ክፍል የመደብኩት አንጋፋውን መካኒካችንን ጋሽ ተፈራን ነበር። ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር ብቻ ተረሳኝ። በዚያ ላይ የገበያ ቀን ነው።

ደወሉ ጮኸ፣ ጄኔሬተሩም ተነሳ። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ግቢው በሰው ተሞላ። ገበያተኛው ውሃ በጀሪካን፣ አፈር በጆንያ ይዞ፣ "ውስጥ ሰው አለ ወይ?" እያለ ይሮጣል። አንዲት ሴትዮማ ልትሸጥ ያመጣችውን ጠላ ልትደፋበት ይዛ መጥታለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ሙከራ ነው! እሳት የለም!" እያልኩ ስለምናቸው አብዛኛው እየሳቀ፣ አንዳንዱም እየረገመኝ ተመለሰ።

አንድ መጥረቢያ የያዙ ገበሬ ግን ወደ ጓሮ ሲዞሩ አየሁና ተከተልኳቸው። በጄኔሬተሩ ክፍል በር ሥር ጭስ ይወጣል።

"የሞተሩ ጭስ ነው አባቴ፤ ሙከራ ነው አልኩ እኮ!"

"ሙከራ በበር ሥር ጭስ ያወጣል እንዴ? ዘወር በይ ልጄ!"

መጥረቢያውን ሲያነሱ ክንዳቸውን ያዝኩ። አዲስ በር ነዋ! ገፍትረውኝ በሩን ሰነጠቁት።

ጋሽ ተፈራ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። የጭሱ መውጫ ቱቦ ወልቆ ክፍሉ ታፍኗል። በደወሉ መከፈት የነበረበት በር፣ ከደወሉ ጋር ሲያያዝ ሽቦው ተገላብጦ ስለተገናኘ ጭራሽ ተቆልፎባቸዋል። ቢደበድቡም ደወሉ ድምፃቸውን ዋጠው።

ተሸክመን አወጣናቸው። ውሃ ሲፈስባቸው አስሏቸው ዓይናቸውን ገለጡ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ገበሬው ጎንበስ ብለው አዩዋቸውና "እሰይ፣ ተመስገን፣ ነፍስ አላቸው" አሉ። "እኔማ አህያዬን ሳላስር ነው የመጣሁ።" ይህን ብለው ወደ ገበያው ሮጡ። ቀና ብዬ ሳላመሰግናቸው ሰው መሃል ጠፉ።

ጋሽ ተፈራ ዛሬም አብረውኝ ይሠራሉ። ለጎረቤት አለመናገሬ ትልቅ ጥፋት ነው። ግን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ማንም አይመጣም ነበር። ይህን ሳስብ እግዚአብሔርንም እኒያን ሰውም አመሰግናለሁ።

አሁን ከሙከራ በፊት ቤት ለቤት እየዞርኩ፣ ደወሉ ለፍተሻ ስለሆነ እንዳይደነግጡ እነግራቸዋለሁ። ስጨርስ ግን "ጭስ ካያችሁ እኔን አትመኑኝ፤ በሩን ስበሩት" እላቸዋለሁ።