ሁለት እጅ በአንድ ማተሚያ

ጦር ኃይሎች አካባቢ ባለው ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ሰሎሞን አንዲት ትንሽ ማተሚያ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ኮምፒውተሩን ከዚህች ጋር የሚያግባባው ድራይቨር ያንተ ነው። ሌላ ፕሮግራም ሲበላሽ ብቻውን ይዘጋል፤ ድራይቨር ሲበላሽ ኮምፒውተሩን ይዞ ይወድቃል» አለኝ። እንዳልፈራ ሰው ሳቅሁ።

ከሠራሁላቸው ደንበኞች ሁሉ የማይረሳኝ የቀራንዮው ክሊኒክ ነው። መቀበያው ላይ ሁለት መዝጋቢዎች አሉ፤ በደምና በሽንት ናሙና ላይ የሚለጠፈውን መለያ የሚያትሙት ግን በአንድ ማተሚያ ነው። ድራይቨሩን የጻፈው ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው።

አንድ ጠዋት የላቦራቶሪ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሂሩት ደወሉ። «ና እስቲ፣ ትናንት አቶ ግርማ የእርግዝና ምርመራ ታዞላቸዋል!»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ፣ «ይሄንንስ ስሙ አጋለጠው። ሁለት ሴቶች ቢሆኑ በምን እናውቅ ነበር? እስከ ነገ ካልተስተካከለ ማሽንህን ውሰድ» አሉ። የሰው ሕይወት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝና ፈራሁ።

ሄጄ መዝጋቢዎቹ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንጋፋዋ ወይዘሮ አስናቀችና ወጣቷ ሜሮን እስከ ምሳ ሰዓት አተሙ፤ አንድም ስህተት የለም። ሰሎሞን በስልክ፣ «ዓይን አፋር ስህተት ገጥሞሃል» ብሎ አፌዘብኝ።

ከሰዓት በኋላ ግን የሜሮንን እጅ አየሁት። መዝግባ ከጨረሰች በኋላ ጣቷን አንስታ ትቆያለች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«እንዴ፣ እትዬ ሳይጨርሱ ልቅደም?»

«ሁሌ እንዲህ ነው?»

«እሳቸው ካሉማ። ትናንት ፈቃድ ወጥተው፣ እሳቸውን ከተካችው ከቤቲ ጋር ነበርኩ። ከሷ ጋር ደግሞ ማን ማንን ይጠብቃል!»

ነገሩ ተፈታ። ሁለት ትእዛዝ እኩል ሲደርሰው ድራይቨሩ ሁለቱንም አንድ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ውስጥ ይጽፍ ነበር፤ የአንዱ ስም ከሌላው ምርመራ ጋር ይወጣል። እትዬ አስናቀች ሲኖሩ የሜሮን አክብሮት ትእዛዞቹን ተራ ያስይዛል።

ቤቲን አስጠርቼ፣ «እኩል ተጫኑ» አልኳቸው። እየተሳሳቁ ደጋግመው ተጫኑ፤ የተደባለቀ መለያ ወጣ። ስህተት አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማስቀመጫው ላይ ቁልፍ አደረግሁለት፤ አንዱ ትእዛዝ ታትሞ እስኪወጣ ሌላው ውጭ ይቆማል። በማግሥቱ ወይዘሮ ሂሩት ራሳቸው ልጆቹን እኩል እያስጫኑ መለያዎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ማሽንህ ይቀመጥ» አሉ።

ለጀማሪዎች የምነግራቸው ይህንን ነው። ድራይቨር ስትጽፉ ሁለት ሰው እኩል ይነካዋል ብላችሁ ጻፉ። ተራ ማስያዝ የኮዱ ሥራ ነው፤ በተጠቃሚው ጨዋነት አትመኩ።