በእናቴ ስልክ የላክሁት ጽሑፍ

ጽሑፌ ተመረጠ! በወላጆች ቀን በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ ሊታይ ነው፤ የማነበውም እኔው ነኝ። ቲቸር ይህን ሲናገር ከደስታዬ ብዛት ወንበሬን ስቼ መሬት ላይ ልቀመጥ ነበር። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ግን እኔም በደንብ አልገባኝም። እስቲ እየጻፍኩት ይግባኝ።

የአማርኛ መምህራችን ዘንድሮ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተልን። ድርሰት በወረቀት መሰብሰብ ቀረ፤ በስልክ ጽፈን እንልካለን፣ ጥሩው በፕሮጀክተር ይታያል። እኔ የራሴ ስልክ የለኝም። ያለው የእናቴ ነው፤ እሱም የሚገኘው ከሥራ ስትመለስ ብቻ ነው። እናቴ ቂሊንጦ ፋብሪካ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቀን ራት እስኪደርስ ሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብዬ፣ ጠዋት ሰርቪስ የምትጠብቅበትን ቦታ ጻፍኩ። አብረዋት የሚጠብቁት ሴቶች ቆመው ያንቀላፋሉ፤ ሰርቪሱ ሲመጣ ግን ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ይነቃሉ። እሱን ላክሁት። ስሜን መጻፍ ትዝም አላለኝ። የእናቴ አካውንት ነዋ! የወጣው በእሷ ስም፣ ነጠላ ለብሳ ከተነሳችው ፎቶ ጋር ነው።

በማግስቱ ስልኩ አብሯት ፋብሪካ ሄደ። ቲቸርም እናቴ መሆኗን ከስልክ ቁጥሯ አውቆ ጻፈላት፦ «እናታችን፣ ይህን ግሩም ጽሑፍ የጻፉት እርስዎ ነዎት?» እናቴ ማሽኗ ላይ ናት፤ አለቃዋ ከኋላ እየመጣች ነው። ከመልእክቱ ያየችው «እናታችን» እና «ግሩም» የሚሉትን ብቻ ነው። ልጇ የተመሰገነች መስሏት አውራ ጣት ላከችለትና ስልኩን ኪሷ ከተተች።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ክላስ ስገባ ያየሁት ጽሑፌን ግድግዳው ላይ ነው። ልቤ ዘለለ።

ቲቸር ግን «ይህን የጻፉት የዚህች ልጅ እናት ናቸው» አለ። «አንቺስ የራስሽን መቼ ነው የምትልኪው?»

«ቲቸር፣ የእኔ እኮ ነው!»

«እናትሽን ጠይቄያቸው አረጋግጠውልኛል።»

እናቴ? እናቴ ለምን እንዲህ ትላለች? ጭራሽ ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ፤ ጽፌው አይደል እንዴ? ከኋላ ወንበር ሙድ መያዝ ተጀመረ። «እናትሽን እዚህ አስመዝግቢና አንቺ ፋብሪካ ግቢ!» «ለፈተናም እሳቸው ይምጡልን!» ባይመረጥ ግድ አልነበረኝም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደድኩት ጽሑፌ ግን የእኔ ሳይባል ሊቀር ነው።

ቲቸር ፊቴን አየና ላፕቶፑን አዞረልኝ። «እሺ፣ እዚሁ ጻፊ። አንድ አንቀጽ፣ ስለፈለግሽው ነገር።»

ክላሱ በሙሉ እያንዳንዷን ፊደል ግድግዳው ላይ ያያል። በስልክ የምነካው ፊደሉን ራሱን ነው፤ እዚህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገባና በአማርኛ ይወጣል። «ጠ» ስፈልግ «ት» ይመጣል። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ።

«ኧረ ለእናቷ ይደወልላቸው!» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ። ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የማየውንና የምሰማውን መጻፍ ጀመርኩ፦ «አንድ ልጅ ለእናቴ ይደወል ይላል። ሲቀልድ አገጩን በእጁ ይደግፋል። ራሱ የሚስቀው ጓደኞቹ መሳቃቸውን ካየ በኋላ ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየው። አገጩን እንደደገፈ ነበር! ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ልጁ እጁን ቶሎ አወረደና «እንዴ፣ ይቺ ልጅ ካሜራ ናት!» አለ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ።

ቲቸር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «የአንቺ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ስክሪኑን አምኜ ነው። በወላጆች ቀን ታነቢዋለሽ። ግን ያቺ አውራ ጣት ምን ማለት ነበረች?»

እኔ ምን ላውቅ!

አመሻሽ ላይ እናቴን ስጠይቃት «አንቺን ያመሰገነ መስሎኝ ነዋ!» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ግን ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ አይደል?» ብላ ሳቀችብኝ። ለወላጆች ቀን ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራለች።

ቲቸር የወላጆች ቀን ስለተባለ ወላጅ ብቻ ይምጣ ማለት አይደለም፣ ማንም ይጋበዝ ብሏል። እኔም ለእናንተ አስተላልፌያለሁ። ከገላን ኮንዶሚኒየምም ሆነ ከሳሪስ፣ ኑ። ወንበር ቢጠብ እንጠጋጋለን።