ብሩክን ሰላም በሉት

ባለፈው ሳምንት መሪ ሰፈር ያለው የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ቀለም ሲቀባ ሰነበተ። ቀቢው ብሩሹን በነጭ ጋዝ ያጥብ ነበርና ሽታው በበሩ ስር ሾልኮ ገብቶ ሳሎኑን ሞላው። ራሴን ሳያመኝ መስኮት ልክፈት ብዬ ተነሣሁና መሀል ቤት ላይ ቆሜ ቀረሁ። የእትዬ ዘነበች ሱቅ የሚሸተው እንደዚህ ነበር፤ ነጭ ጋዝ፣ የልብስ ሳሙናና ትኩስ ዳቦ፣ ሦስቱም አንድ ላይ።

ሱቁ ወደ የካ ሚካኤል በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ነበር። ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ የእንጨት መስኮት ነበረው። ከጣሪያው ላይ የፕላስቲክ ጫማ ጥንድ ጥንዱ እየታሰረ ተንጠልጥሏል፤ ጥግ ላይ የጋዝ በርሜል ቆሟል፤ ባንኮኒው ላይ አንደኛው ሳህኗ የተጣመመ ሚዛን አለች። እትዬ ዘነበች ስኳሩን በአሮጌ ጋዜጣ ሲጠቀልሉ ጣቶቻቸው ራሳቸው የሚያስቡ ይመስሉ ነበር። ወፍራም ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ሻካራ ስለሆነ ሰላምታቸውና ቁጣቸው አይለይም፤ እኔ በልጅነቴ እፈራቸው ነበር።

ብሩክ ታላቅ ወንድሜ ነው። ያኔ እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ፤ እሱ ከንፈሩ ላይ ጢም ማቀምቀም የጀመረው ጎረምሳ ነው። ግን ብዙ ቃል አልነበረውም፤ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው፤ የጫማውን ክር የማስርለት እኔ ነበርኩ። ዛሬ ሐኪሞች ለዚህ ደህና ስም አላቸው። ያኔ ሰፈሩ የራሱን ስም አውጥቶለት ነበር፤ እናቴ ያን ስም በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ቀን ልጆች በድንጋይ ግንባሩን ፈንክተውት ሸሚዙ በደም ርሶ ገባ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሥራ ስትሄድ የግቢውን በር ከውጭ መቆለፍ ጀመረች። አባታችን በሕይወት የለም፤ እሷ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት፤ እኔ ትምህርት ቤት እውላለሁ። ምን ታድርግ? ፈራች። ፍርሃቷ ወደ እኔም ተጋባ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ መምህሩ ሲያስተምር፣ እሳት ቢነሣስ? ቢወድቅስ? እያልኩ ጥፍሬን እበላ ነበር።

አንድ ምሽት እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ደርበው ቤታችን መጡ። አልቀመጥም አሉ።

«እታፈራሁ፣ ይሄ ልጅ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው የሚውለው። እዚያ ማዶ ሆኜ እየሰማሁት ሥራዬን መሥራት አቃተኝ።»

«ምን ላድርግ እትዬ?» አለች እናቴ። «ውጭ ሲወጣ ምን እንዳደረጉት አይተው የለ?»

«አይቻለሁ። የሚፈነክቱት ስለማያውቁት ነው። እኔ ጋ ይዋል።»

እናቴ ያን ሰሞን እህል አልወርድ አላት። እሺ ለማለትም እንቢ ለማለትም ፈርታ ከረመች። በመጨረሻ ትምህርት ቤት የተዘጋ ጊዜ፣ እኔ አብሬው እንድውል አድርጋ ፈቀደች።

እትዬ ዘነበች ብሩክን ከባንኮኒው ኋላ በለስላሳ መጠጥ ሣጥን ላይ አስቀመጡትና አንድ ሕግ አወጡ። ማንም ሰው ቢመጣ፣ ክብሪትም ይግዛ ሻማ፣ መጀመሪያ «ብሩክን ሰላም በሉት» ይሉታል። ዝም ያለ አይስተናገድም። ከእንጦጦ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ብሩክ፣ እንዴት ነህ?» ይሉት ጀመር። የውይይት ታክሲ ረዳት የሆነ አንድ ቀጭን ልጅ ሲጋራ በፍሬ ሊገዛ ይመጣ ነበር፤ እሱም እያጉረመረመ ሰላም ይለዋል። በድንጋይ የፈነከቱት ልጆች ሳይቀሩ መጡ። እትዬ ዘነበች ከረሜላውን ከብሩክ እጅ እንዲቀበሉ አደረጓቸው። እኔ ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ እጆቻቸውን እጠብቃለሁ። አንዱ እጁን ወደ ኪሱ በሰደደ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

ብሩክ ግን ተለወጠ። «እንዴት ዋላችሁ» ማለት ለመደ። የሰው ስም አይረሳም። እየቆየ እትዬ ዘነበች ዳቦ እያስያዙ ታች አስፋልቱ ዳር ወደሚኖሩ እማሆይ ቤት ይልኩት ጀመር። እማሆይ ቢጫ ቆብ የሚያደርጉ፣ እግራቸው ዳገት የማይችል መነኩሴ ነበሩ። መጀመሪያ ሰሞን ከኋላው ተደብቄ እከተለዋለሁ። መኪና ጥሩምባ ባሰማ ቁጥር እጆቼን አፌ ላይ እጭናለሁ። ሁልጊዜም በደህና ደርሶ ይመለሳል። ትምህርት ሲከፈት ብቻውን መሄድ ለምዶ ነበር።

አንድ የክረምት መውጫ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰማዩ ጠቁሯል፤ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥላል። እትዬ ዘነበች ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆመው ዳገቱን ቁልቁል ያያሉ። ብሩክ ለእማሆይ ዳቦ ይዞ ከሄደ ቆይቷል። እማሆይ ቤት ሮጥኩ። በሩ ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ሌላ ደብር ለማስቀደስ ሄደው እንዳልተመለሱ ነገረችኝ። ከቤታቸው በታች ያለው ወንዝ ደፍርሶ ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆሜ ወደ ውሃው ስሙን ተጣራሁ።

እናቴ ከሥራ ስትመጣ ከፊቴ አነበበችው። ጃንጥላዋን ጭቃው ላይ ጥላ ወደ ሱቁ ሄደች።

«ልጄን አጠፋሽው» አለች። «ልጄን አንቺ ነሽ ያጠፋሽው።»

በሕይወቷ እትዬ ዘነበችን አንቺ ብላ አታውቅም። ሰፈር ሙሉ እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው አልነበረም። እትዬ ዘነበች የሱቁን መስኮት ዘጉ፤ ኩራዙን አጥፍተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ያን ወፍራም ሰውነታቸውን ይዘው በዚያ ጭቃ፣ በየበሩ እየገቡ «ብሩክን ያየ አለ?» ይላሉ። የሚገርመው፣ ማንም «የቱ ብሩክ?» አላለም። ወንዶቹ ካፖርት እየደረቡ ወጡ፤ ገሚሱ ወደ ወንዙ፣ ገሚሱ ወደ እንጦጦ ጫካ። እናቴ ድልድዩ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ አለች። እጇን ይዤ አብሬያት ቆምኩ። 

ሊመሽ ሲል አንድ ውይይት ታክሲ ጥሩምባውን እየነፋ ዳገቱን ወጣ። ከኋላው መጀመሪያ የወረደው ቀጭኑ ረዳት ነው። ቀጥሎ ብሩክ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ፣ ዳቦውን ብብቱ ስር እንደያዘ ወረደ።

ነገሩን ረዳቱ ነገረን። ያኔ የላምበረት መናኸሪያ አልተሠራም፤ ወደ ደሴ የሚሄዱ አውቶቡሶች እዚያው ላምበረት መንገድ ዳር ቆመው ሰው ይጭኑ ነበር። ረዳቱ ተራ ሲጠብቅ አንዱ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቷል። በመስኮቱ ሲያይ ብሩክ ከአንዲት ቢጫ ቆብ ካደረጉ መነኩሴ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ዳቦውን እንኩ ይላቸዋል፤ እሳቸው አያውቁትም። እማሆይን ቤታቸው ቢያጣቸው ፍለጋ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ ቢጫ ቆቡን ሲያይ እሳቸው መስለውታል።

«እንግዳ ሰው ቢሆን ልብም አልለውም ነበር» አለ ረዳቱ። «ግን በየቀኑ ሰላም የምለው ልጅ ነው። ደሴ ምን ሊያደርግ ይሄዳል ብዬ ዘልዬ ገባሁ።»

እናቴ ብሩክን አቅፋ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እትዬ ዘነበች ራቅ ብለው ቆመው አዩን፤ ከዚያ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ያን ሌሊት ጣሪያውን እያየሁ አነጋሁ። ነገ በሩ መቆለፉ አይቀርም ብዬ ነበር። ጠዋት እናቴ ብሩክን ፊቱን አጠበችው፤ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰችው፤ እጁን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ተከተልኳት። መስኮቱ ፊት ቆመች።

«እትዬ» አለች ድምፅዋ እየሰለለ። «ዛሬም እርስዎ ጋ ይዋል?»

እትዬ ዘነበች ዓይናቸው አብጦ ነበር። ሣጥኑን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉት።

«ይግባ» አሉ። «እማሆይም ትናንት ዳቦ ሳይበሉ ነው ያደሩት።»

ከዚያ ብዙ ነገር ሆነ። እማሆይ አረፉ፤ ሰፈሩ ለመንገድ ፈረሰ፤ እትዬ ዘነበችን እዚያው የካ ሚካኤል ቀበርናቸው። በቀብራቸው ዕለት ብሩክ በር ላይ ቆሞ ለቀስተኛውን በየስሙ ሰላም ይል ነበር። እናቴም ተከተለቻቸው። እኔና ብሩክ መሪ ገባን።

እዚህ ማንም አያውቀንም ነበር። ብሩክ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሲስቅ ድምፁ ደረጃውን ያናጋል። የመጀመሪያ ሰሞን እሱ ሲወርድ ምድር ቤት ያለችው ሴትዮ ልጆቿን ጠርታ ታስገባ ነበር። ያ የድሮ ፍርሃት ተመልሶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ቁልፍም አሰብኩ፤ አልዋሽም። በበነጋው ግን ብሩክን ይዤ ከላይ እስከ ታች በየበሩ አንኳኳሁ። «ብሩክ ይባላል፤ ወንድሜ ነው። ስታገኙት ሰላም በሉት» አልኩ።  አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ ብቻ ሰማኝ። በሌላ ቀን ደግሜ ሄድኩ።

አሁንም ሲዘገይ መስኮት ላይ እቆማለሁ። ይሄ ፍርሃት የሚለቀኝ አይመስለኝም። ትናንት ብሩክን ጉንፋን ይዞት ሳይወርድ ዋለ። ማታ ከሥራ ስገባ የምድር ቤቷ ሴትዮ ልብስ ከገመድ እያወረደች ነበር። ስታየኝ ሥራዋን ተወችው።

«ብሩክ ምን ሆነ?» አለችኝ። «ዛሬ ሳላየው ዋልኩ።»