ተከፍቶ የሚቀመጥ መጽሐፍ

ባለ ስድስት ፎቁ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት አንድ ሰው ጣሪያ ለጣሪያ እየዳኸ በዘረጋው ገመድ ነው። ሰውዬው በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ስለቆየ፣ እናቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ «ጋሽ ገመዱ» ሆኖ ቀርቷል። አንድ ጊዜ አዲስ የገባች ጸሐፊ «ለአቶ ገመዱ» ብላ ደብዳቤ ጻፈችለት። እሱም ሳያርም ፈርሞ ተቀበለ።

የገመዶቹ ሁሉ መገናኛ የሆነው ማሽን ክፍል ሁለተኛ ቤቱ ነው። በየገመዱ ጫፍ ላይ በትንሿ ማተሚያው ያተማት ነጭ ምልክት ተለጥፋለች። «ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ዳር» የምትል አለች። «አራተኛ ፎቅ፣ ሁልጊዜ የምታማርረው ሴትዮ» የምትልም አለች። እንዲህ ተደላድሎ ሳለ ነው አዲሷ የክፍሉ ኃላፊ ያስጠራችው።

«ጋሼ፣ እርስዎን የሚጠራጠር የለም» አለችው፣ እንደ ሐኪም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደንቡ ግን ከላይ ነው የመጣው። ከአሥር ሳምንት በኋላ የኔትወርክ ሰርተፊኬት የሌለው ሰው ማሽን ክፍል አይገባም።»

«እና የት ልገባ ነው?»

«ዕቃ ግምጃ ቤት።»

ዕቃ ግምጃ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተቆልለውበታል። እዚያ የሚሠራው ሰው ከወንበሮቹ ጋር መነጋገር ከጀመረ ቆይቷል ይባላል። ጋሽ ገመዱ አንድ ቀን አምፖል ሊቀይር ወርዶ፣ ሰውዬው ለአንዱ ወንበር «አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆነሃል?» ሲለው በጆሮው ሰምቷል። ስለዚህ ከኃላፊዋ ቢሮ እንደወጣ በቀጥታ መጽሐፍ ፍለጋ ሄደ።

በሳምንቱ የቤቱ ጠረጴዛ በማጥኛ ተሞላ። አንደኛው ጡብ የሚያህል ጥቁር መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ስስ፣ ሥዕል የበዛበት፣ በሃያ አንድ ቀን አዋቂ አደርጋለሁ የሚል። ሦስተኛው ፎቶ ኮፒ ቤት ተባዝቶ በፕላስቲክ ቀለበት የተጠረዘ ነው፤ ሽፋኑ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል። አርባ ሰዓት የሚፈጅ የቪዲዮ ትምህርትም አገኘ፤ አስተማሪው ግን ዋናው ነገር ላይ ሲደርስ ያስለዋል። አምስተኛውን ያመጣለት የሥራ ባልደረባው ነው፤ ነገር ሁሉ በአጭሩ እንዲያልቅ ስለሚወድ «አቋራጭ» ይሉታል።

«ጋሼ፣ መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል?» አለው አቋራጭ፣ ፋይሉን በስልኩ እየላከለት። «ስድስት መቶ ጥያቄ ከነመልሱ። ማንበብ የለ፣ መረዳት የለ፤ መሸምደድ ብቻ!»

«አንተ ስንት ጊዜ ተፈተንክ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እና?»

«እነሱ ጥያቄውን ሲቀይሩ እኔ ምን ላድርግ? የእኔ መልስ እንደሆነ ምንም ስሕተት አልነበረበትም።»

አሁን መምረጥ ብቻ ቀረ። ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። ጋሽ ገመዱ በሃያ ሦስት ዓመት ትዳሩ አንድ ነገር መርጦ አያውቅም። ሸሚዙን፣ የግድግዳውን ቀለም፣ መጋረጃውን፣ የሚሄዱበትን ጥርስ ሐኪም እንኳ የመረጠችው ሚስቱ ነበረች። የእሱ ሥራ መሸከም ነበር፤ ሲሸከምም ደስ ብሎት ነው። እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ሲገባ ሁለት ዓይነት ሳሙና ካየ ሳይገዛ ይመለሳል።

ስለዚህ እንደ ሙያው አደረገ። ገመድ በመልኩ አይመረጥም፤ ይፈተሻል። ሰንጠረዥ አሰመረና የፊደሉን መጠን፣ የወረቀቱን ጥራት፣ ክብደቱን ሳይቀር እየመዘነ ነጥብ ሰጠ። ሦስቱም መጻሕፍት እኩል ወጡ። ሚዛኑን ቀይሮ ደገመው፤ አሁንም እኩል ወጡ። በዚህ ዓይነት አራተኛው ሳምንት ገባ፤ ያነበበው የማውጫ ገጾችን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ዘዴ መጣለት። ሰው በሚያውቀው ነገር አይታለልምና፣ እያንዳንዱን መጽሐፍ እሱ እንደ እጁ መዳፍ በሚያውቀው ነገር ሊፈትነው ወሰነ። በኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ጫፉ ላይ የሚደረደሩትም በቀለማቸው ነው። እሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከብርቱካናማው ጀምሮ ነው የደረደረው።

ጡቡ መጽሐፍ ከብርቱካናማው ጀመረ። ጋሽ ገመዱ ራሱን ነቅንቆ አመሰገነው፤ ነገር ግን ገጽ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ወሰደው፣ ሁለት ቀን በተከታታይ እዚያው ገጽ ላይ። ስሱ መጽሐፍ ስለ ቀለም አንድም ነገር አላለም። ባለ ቀለበቱ ከአረንጓዴው ጀመረ።

«ከአረንጓዴ!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ሰው ገመድ በእጁ ነክቶ አያውቅም!»

መጽሐፉን ዘጋና ማተሚያውን አንሥቶ «ስሕተት አለበት» የምትል ምልክት አውጥቶ ሽፋኑ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆው ክብ አጠገብ ለጠፋት።

ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ታላቅ እህቱ የስፌት መኪናዋን ይዛ መጥታ አብራው ትኖራለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከአፏ ስፒል አይጠፋም፣ ስትናገርም በስፒሎቹ መካከል ነው። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጨርቅ በክንዷ ታቅፋ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች።

«አንተ፣ ወይ መጻሕፍትህ ይነሡ ወይ እኔ ልነሣ። ሠላሳ ቀሚስ በጭኔ ላይ ልቁረጥ?»

«እትዬ፣ መቼ መረጥኩና!»

«ስንት ሳምንት ቀረህ?»

«ስድስት።»

«ሰባቴ ለካህ። መቀሱን የምታነሣው መቼ ነው?»

ቀና ብሎ አያት። «እስቲ አንቺ ምረጪልኝ» አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ።

እህቱ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካች። ይህን የምታደርገው ልታዝን ወይም ልትቆጣ ስትል ነው። «እኔ እሷን አይደለሁም» አለች በቀስታ። ቀጥላም «ገመድ ስትሠራ በስንት እጅህ ነው የምትሠራው?» ብላ ጠየቀችው።

«በሁለቱም ነዋ።»

«ታዲያ መጽሐፉን ማን ይይዝልሃል? እኔ እንደሆንኩ አልይዝም።»

ጡቡን መጽሐፍ መሐሉ ላይ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ድብ ብሎ ተዘጋ። ስሱን ገለጠችው፤ እሱም ቀስ እያለ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ ተዘጋ። ባለ ቀለበቱን ገለጠችው። ባለበት ተኛ።

«እኔ ስፌት የተማርኩት ተከፍቶ ከሚቀመጥ መጽሐፍ ነው» አለች። «የሚዘጋብህ መጽሐፍ የሚዘጋ ሱቅ ነው። በል አንሣቸው።»

«ይሄኛው እኮ ስሕተት አለበት! አታነቢም ምልክቷን?»

«የለጠፍካት አንተ አይደለህም እንዴ? አንብብና ስሕተቱን ቁጠርልኝ። እኔ ቀሚስ እቆጥራለሁ።»

ጋሽ ገመዱ ሊያሳፍራት ብሎ ተቀመጠ። ቁራጭ ገመድ በእጁ ይዞ አረንጓዴው ያለበትን ገጽ አገኘና ጮክ ብሎ እያነበበ ገጹን ገለበጠ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። የስፌት መኪናውም ቆመ።

«ምን ሆንክ? ፊትህ ነጣ።»

«ሁለት አደራደር አለ ይላል።»

«እና?»

«ሁለቱም ልክ ነው ይላል። የገመዱ ሁለት ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ ከየትኛውም ቢጀመር ይሠራል ይላል።» ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አርባ ሶኬት።»

«ደግሞ የምን አርባ?»

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ኮንትራክተር ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካበት አርባ ሶኬት ገጥሞ ነበር። ጋሽ ገመዱ አንዱን ፈትቶ ቢያይ ከአረንጓዴ ይጀምራል። ኮንትራክተሩ «ይሠራል እኮ» ቢለው፣ «ዛሬ ቢሠራ ነገ ይከዳል! አንተ ቀለም አታይም እንዴ?» ብሎ በሰው ፊት ጮኾበት፣ አርባውንም አስፈትቶ አስደግሞታል።

ይህን ለእህቱ ነገራት። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ክሩ እስኪበጠስ ሳቀች። «ሠላሳ ቀሚስ ፍቺና ድገሚ ቢሉኝ በመቀሴ ነበር የማባርራቸው!» አለች። እሱ አልሳቀም። መጽሐፉን ግን ከገጽ አንድ ጀመረ።

ስድስት ሳምንት በአንድ ጠረጴዛ ተሠራ፤ በአንዱ በኩል ቀሚስ፣ በሌላው በኩል ኔትወርክ። ጋሽ ገመዱ እያንዳንዱን ገጽ ለእህቱ ያስረዳል፤ እህቱ ከስፒሎቿ መካከል «አልገባኝም» ትላለች፤ እሱም እንደገና ያስረዳል። በመጨረሻ ገባት፤ ያኔ ለካ እሱም ገብቶታል። በፈተናው ዕለት ጠዋት ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ብዙም ሳይቆም ሰማያዊውን ሸሚዝ አወጣ። እህቱ አየችው።

«ማን መረጠልህ?»

«እኔ ነኛ!»

«ደግ። አሁን ቁልፉን ፍታውና እንደገና ቆልፍ፤ አንዱን ዘለሃል።»

ከማለፊያው በአምስት ነጥብ በልጦ አለፈ። የቀለሙ ጥያቄ ሲመጣ ብቻውን ስለሳቀ፣ ፈታኙ መጥቶ ከኮምፒውተሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ፈትሿል። ኃላፊዋ ጨበጠችው። አቋራጭ «የትኛውን ፋይል ነው የሸመደድከው?» አለው።

ማሽን ክፍሉ አልተወሰደበትም። እንኳን ደስ አለህ ሲሉት ግን አርባው ሶኬት ትዝ ይለዋል። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን በብብቱ ይዞ መንገድ ተሻገረ። ያ ኮንትራክተር ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ ገመዱ ገጹን ገልጦ ወደ ላይ ዘረጋለት።

ኮንትራክተሩ እዚያው መሰላሉ ላይ ሆኖ አነበበ። «ይሄን ያኔ ነግሬህ ነበር» አለ።

«ነግረኸኛል።»

«ምን አልከኝ?»

«ቀለም አታይም አልኩህ። ይቅር በለኝ።»

ሰውዬው ከመሰላሉ ወረደ። መጽሐፉን ተቀብሎ አገላበጠው፣ በአንድ እጁም መዘነው። «እኔንም እኮ ሰርተፊኬት አምጣ ብለውኛል» አለ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ የቱን መጽሐፍ ልያዝ እያልኩ ስዋትት ነበር። ታውሰኛለህ?» ከዚያ ሽፋኑን አየ። «ደግሞ "ስሕተት አለበት" ይላል።»

«እሷ የመጽሐፉ አይደለችም፣ የእኔ ናት» አለ ጋሽ ገመዱ፤ ምልክቷንም ሊልጥ በጥፍሩ ያዛት። አልተላጠችም። በጉጠት ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለችም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዳይላጥ አድርጎ መለጠፍ የለመደ እጅ ነው የለጠፋት።

«ተዋት» አለ ኮንትራክተሩ፣ መጽሐፉን መሰላሉ ላይ ከፍቶ እያስቀመጠ። «ማን እንዳወሰኝ እንዳልረሳ ትረዳኛለች።»