ባዶ ሙቀጫ ሞጣ ድረስ ወሰደኝ

ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከብቸና መናኸሪያ ተነሣሁ። መሄድ የምወድ ሴት ነኝ፤ ንግሥ ይሁን ለቅሶ ሰበብ አላጣም። ይኼኛው ግን ሌላ ነው፤ የሄድኩት ልጄን ልቆጣት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ አባቴ ናቸው፣ እቤት ውስጥ። አጻጻፌን እንደሚሆን አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ ወርቅነሽ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት። የምታጠናውም የምታስተምረውም ሰው በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጥቃትና ከዚያ በኋላ አእምሮ ላይ የሚቀረውን ሕመም ነው። በዚህ ሥራ ሽበት ጀምሯታል። ሰሞኑን ሞጣ ላይ ለጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ትሰጣለች። ጎረቤቴ ሲስተር ትርንጎ የመጀመሪያውን ሳምንት ሠልጥና ስትመለስ፣ ክፉም ሳታስብ አንድ ነገር አጫወተችኝ። ዶክተር ወርቅነሽ፣ ባሏ ያሠቃያት የነበረች የአንዲት ሴት ታሪክ ነግራ ሠልጣኞቹን ሁሉ አስለቀሰቻቸው። ሴትዮዋ ጩኸቱን ጎረቤት እንዳይሰማባት ባዶ ሙቀጫ ትወቅጥ ነበር።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከዘመቻ ከተመለሱ በኋላ እንደ ድሮው አልነበሩም። ሲነሣባቸው ይጮኻሉ፣ ዕቃ ይሰብራሉ፣ እጃቸውም እኔ ላይ ያርፋል። መጮህ ሲጀምሩ ሮጬ ሙቀጫውን እወቅጣለሁ፤ ሰው በርበሬ የምወቅጥ ይመስለዋል። ይህን የምናውቅ እኔና ጥግ ይዛ የምትቀመጠው ልጄ ብቻ ነን ብዬ ኖሬያለሁ። ገመናዬን አደባባይ አውጥታው ከሆነ ሁለተኛ ዓይኗን አላይም ብዬ ነው የተሳፈርኩት።

ጉንደ ወይን፣ አራት ሰዓት ገደማ

መንገዱ ተዘግቶ ከርሞ በቅርቡ ነው የተከፈተው፤ ስለዚህ ሚኒባሱ እስከ አፉ ሞልቷል። ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ አቧራው ነጠላዬን ቡናማ አደረገው። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፤ ገና አልታጨደም፣ ነፋስ ሲያስተኛውና ሲያነሣው ዓይን አይጠግብም። እኔ ግን ልቤ እዚያ ስላልነበረ በወጉ አላየሁትም።

ጉንደ ወይን ላይ ሾፌሩ ጎማ ሊያይ አቆመ። ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በሃያ ብር ገዛሁና ለእሱም አካፈልኩት። ሞጣ ምን ሊያደርጉ ነው አለኝ። ልጄን ልቆጣ ነው አልኩት።

«ስንት ዓመቷ ነው፣ እማማ?»

«አርባ አንድ።»

«ይቺማ አምልጣዎታለች» አለና ወደ ጎማው ጎንበስ አለ። የሳቅሁት ሳልወድ ነው።

ሞጣ

የደረስኩት ለምሳ ነው። ልጄ የምታርፈው ዘይነባ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይታ ነው። ዘይነባ በዕድሜ አቻዬ ናት፤ ወዲያው አንቺ ተባባልን። እጄን አስታጥባ ምሳ አበላችኝ። ስጨርስ ግን ፊቷ ተቀየረ።

«እኅቴ፣ ልጅሽን እንደ ልጄ ወድጃት ነበር። አዳራሹ ድረስ ምሳ ላደርስላት ሄጄ፣ ከበር ቆሜ ሰማኋት። ከማን እንደሰማችው እንጃ፣ ገመናዬን ለሰው ስትናገር።»

«የምን ገመና?»

«የሙቀጫውን።»

«የሙቀጫውማ የኔ ነው» አልኳት።

«ምን ነካሽ? የኔ ነው እንጂ። አባወራዬ ሱቅ ዘግቶ ሲገባ ነበር የምወቅጠው።»

ጎረቤቷ ወቀጣውን በሰማች ቁጥር ደግሞ ሁለተኛ የሽሮ ምጣኔ ነው ወይ እያለች ትጠይቃት እንደነበር ነገረችኝ። የኔዋ ጎረቤት ደግሞ በርበሬ አበድሪኝ ብላ አስጨንቃኝ ታውቃለች። እንዲህ እየተባባልን ማን ቀድሞ እንደጀመረው ልንጣላ ምንም አልቀረንም።

«ባዶውን አይሰነጠቅብሽም ነበር?» አለችኝ።

«ሁለት ሰንጥቄያለሁ።»

«እኔ ትንሽ ገብስ ጣል አደርግበት ነበር።»

«እንግዲያው ያንቺ ባዶ አይደለም። ባዶው የኔ ነው።»

አየችኝ፣ አየኋት። ከዚያ ሳቁ መጣ። ሆዳችንን ይዘን፣ እንባችን እስኪወርድ። እንባው ግን ሳቁ ካበቃ በኋላም አልቆመም።

ወርቅነሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትገባ እንደዚያው አገኘችን። የመጣሁበትን ሳልደብቅ ነገርኳት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መካከላችን ተቀመጠች። ያቺ ሴት አንዲት ሴት አይደለችም አለች፤ ካነጋገረቻቸው ሴቶች ከዚህም ከዚያም ወስዳ ለማስተማሪያ የሠራቻት ናት። ሙቀጫውን ከደብረ ማርቆስ ወዲህም ወዲያም ስንቷ ነገረቻት! ሥልጠናው ባለቀ ቁጥር አንዱ ተከትሏት ይወጣና ጎረቤቴን ከየት አወቅሻት ይላታል።

«የኔንስ?» አልኳት።

«ያንቺን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጠይቄሽ አላውቅማ፣ እማዬ።»

አጥኚዎች ሰውን ለጥናት ከመጠየቃቸው በፊት ሁልጊዜ የሚናገሩት ነገር አለ፤ በቃሏ አለችልኝ። ካልፈለጉ አይመልሱ። መሀል ላይ ማቆም ቢፈልጉ ያቁሙ። ቢያቆሙ የሚቆጣዎት የለም፣ የሚቀርብዎትም ነገር የለም።

በዕድሜዬ ሙሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ከብቸና ጀምሮ ደረቴ ላይ ተሸክሜው የመጣሁት ድንጋይ እዚያው ወረደልኝ።

«እኔንም ጠይቂኝ» አልኳት።

ለጥናት አይሆንም፣ እናቴ ነሽ፤ ለኔ ግን ብትነግሪኝ እሰማለሁ አለች። ዘይነባ ልትነሣ ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኳት። እስኪመሽ አወራሁ።

ብቸና

ቅዳሜ ተመለስኩ። በመመለሻዬ የጤፉን ማሳ በወጉ አየሁት። እኔ ብቻ ያፈርኩበት የመሰለኝ ነገር የስንቱ ቤት ኖሯል! ይህን ማወቅ ያሳዝናል፤ ግን ያቀላል። ያን ሁሉ ዘመን ገመና ሲወጣ ቤት ይፈርሳል እያልኩ ነበር የምፈራው። የኔ ወጣ፣ እኔም ይኸው አለሁ።

እሑድ ልጄ ደወለች። ድሮ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ ተባብለን ነበር የምንዘጋው። አሁን ካቆምንበት እንቀጥል ወይ አለችኝ።

«ዛሬስ ይቅርብኝ፣ ልጄ» አልኳት።

«እሺ፣ እማዬ» አለች። አልተቆጣችኝም። ስለ ዝናቡ አወራንና ዘጋን።